የእናቶች አዳኝ የተባለው ሐኪም፤ የኢግናዝ ሴመልቫይስ የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ በዚህ መጽሔት የተለመደ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር መሪዎች፣ ስለ አገር አሳሾችና ስለ ልዩ ልዩ መሣሪያ ፈልሳፊዎች ጽፈዋል። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት ሰው ጦር ያልመራ፣ አገር ያላሰሰ፣ መሣሪያም ያልፈለሰፈ ነው። ስሙ የሚነሣው እጁን በመታጠቡና የሞቱትን ሰዎች አጣርቶ በመቍጠሩ ነው። ይህን ሰው ለምን እንደ መረጥሁ አስቀድሜ ብናገር አንባቢ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱ ከራሴ ስሕተት የመጣ ነውና።

እኔ የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት በኅዳር መጨረሻ ክበባችን ከወላጆች ባሰባሰበው ገንዘብ በየመጸዳጃ ቤቱ በር ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና አኖረ። ሦስት ወር ያህል ቈይተን የቀሪዎችን ስም ብንቈጥር፣ በሕመም ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩት ተማሪዎች በጣም አንሰው አገኘናቸው። እኔም በጠዋት ሰልፍ በተማሪው ሁሉ ፊት ቆሜ ክበባችን በሽታን በግማሽ እንደ ቀነሰ አወጅሁ። ብዙ ተጨበጨበልኝ።

ከሰልፉ በኋላ ግን የሒሳብ አስተማሪያችን ጠርተውኝ ሦስት ነገር ጠየቁኝ። መጀመሪያ ከስንት ተማሪ ስንቱ እንደ ቀረ ጠየቁኝ። ሁለተኛ ሳሙና ባልነበረባቸው ባለፉት ዓመታት በእነዚያው ወራት የቀሪው ቍጥር እንዴት እንደ ነበረ ጠየቁኝ። ሦስተኛ ከሳሙናው በቀር ሌላ የተለወጠ ነገር ይኖር እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ደስታችንን ሊያበላሹብን የፈለጉ መስሎኝ በልቤ ተቈጣሁ። እርሳቸው ግን ምንም ሳይነቅፉኝ የዶክተር ሴመልቫይስን ታሪክ ፈልጌ እንዳነብ አዘዙኝ። ያነበብሁትም ቀጥሎ ያለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ወራትና ዓመታት፣ ስለ እኛ ትምህርት ቤት ከተናገርሁት በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኢግናዝ ሴመልቫይስ ጁላይ 1 ቀን 1818 በሀንጋሪ አገር በቡዳ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ቡዳና ፔሽት የዳኑብ ወንዝ የሚለያቸው ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ በ1873 ተዋሕደው ቡዳፔሽት ተባሉ። አባቱ ቅመማ ቅመምና ሸቀጣ ሸቀጥ የሚነግድ፣ ኑሮው የተሟላ ሰው ነበረ። ከዐሥሩ ልጆቹ ኢግናዝ አምስተኛው ነው።

በ1837 ሕግ ሊማር ወደ ቪየና ሄደ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው ሐሳቡ ወደ ሕክምና ስላዘነበለ በ1838 ሕጉን ትቶ ሕክምና ጀመረ። በ1844 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ምኞቱ የውስጥ ደዌ ሐኪም ለመሆን ነበረ፤ ይህ ስላልተሳካለት ወደ ማዋለድ ሥራ ዞረ። ጁላይ 1 ቀን 1846፣ ልክ 28 ዓመት በሞላው ዕለት፣ በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል በመጀመሪያው የማዋለጃ ክፍል የፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ረዳት ሆኖ ሥራ ያዘ።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ የማዋለጃ ቤቶች ሁሉ አንድ ክፉ በሽታ ነበረ። ሴቲቱ በደኅና ከተገላገለች በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ ይላታል፤ ቀጥሎ ብርቱ ትኩሳት ይይዛታል፤ ሆዷ ይነፋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ትሞታለች። ይህ የአራስ ትኩሳት የሚባለው ነው። በእኛም አገር እናት ስትገላገል ዘመድ ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚላት ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ ታላቅ እኅታቸው በወለዱ በሰባተኛው ቀን በትኩሳት እንደ ሞቱባቸው፣ ለጠያቂ የተዘጋጀው ገንፎም ለለቀስተኛ እንደ ሆነ፣ እስከ ዛሬ እያዘኑ ያወጉናል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ሳነብ የሩቅ አገር ነገር ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

የቪየናው ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በመጀመሪያው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ክፍል አዋላጅነት የሚማሩ ሴቶች ይሠለጥኑ ነበር። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት አብዛኞቹ ድኾች ሴቶች ነበሩ፤ የሚታከሙትም በነጻ ነው። አንዲት ሴት ወደ የትኛው ክፍል እንደምትገባ የሚወስነው የመጣችበት ቀን ብቻ ነበረ፤ ሁለቱ ክፍሎች ቀን በቀን እየተፈራረቁ ይቀበሉ ነበርና። እንግዲህ በሀብትም በዕድሜም በጤናም በሁለቱ ክፍሎች ሴቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም።

የሞቱ ቍጥር ግን የተለያየ ነበረ። በ1846 በመጀመሪያው ክፍል ከወለዱት 4,010 ሴቶች 459 ሞቱ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ክፍል ከወለዱት 3,754 ሴቶች 105 ሞቱ። ከመቶው ሲሰላ በአንደኛው 11.4 በሌላው 2.8 መሆኑ ነው። ይህም የአንድ ዓመት አጋጣሚ አልነበረም፤ ከ1841 ጀምሮ በየዓመቱ ተመሳሳይ ነበረ። እንዲያውም ልዩነቱ ከዚህ የበለጠ ነበረ። በሽታው ሲጠና ከመጀመሪያው ክፍል ብዙ ሕመምተኞች ወደ ሆስፒታሉ ሌላ ክፍል ይዛወሩ ስለ ነበረ፣ እዚያ ሲሞቱ በማዋለጃው መዝገብ አይጻፉም ነበር። ሴመልቫይስ ይህን አስተውሏል። ሕመምተኛን ወደ ሌላ ክፍል በማዛወር ብቻ ሞት የቀነሰ ሊመስል እንደሚችል እኔ ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

የከተማይቱ ሴቶች መዝገብ ባያነቡም ይህን ያውቁ ነበር። ቀኑ የመጀመሪያው ክፍል ተራ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ሁለተኛው እንዲወስዷቸው ተንበርክከው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ምጥ ቀድሟቸው በመንገድ ላይ የሚወልዱት ነገር ነው። እነዚህ ያለ ሐኪምና ያለ አልጋ በመንገድ ዳር ወልደው በትኩሳቱ የሚያዙት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ወጣቱ ሐኪም ይህን ሲያይ እንቅልፍ አጣ። ሐኪም ባለበት የምትወልደው ሴት በመንገድ ከምትወልደው ይልቅ የምትሞትበት ምክንያት ምንድን ነው? በዚያን ጊዜ የተለመደው መልስ የከተማው አየር ተበክሏል የሚል ነበረ። ነገር ግን አየሩ የአንድ ከተማ አየር ነው፤ ሁለቱ ክፍሎችም አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። የአየሩ መበከል አንዱን ክፍል መርጦ እንዴት ይገባል?

ሴመልቫይስ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ። የሰው መጨናነቅ ነው እንዳይባል፣ ሴቶች የመጀመሪያውን ክፍል ስለሚሸሹ ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነበረ። በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎናቸው ተኝተው ስለሚወልዱ በመጀመሪያውም እንደዚያ እንዲሆን አደረገ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም። ደግሞም ካህኑ ለሟች ቍርባን ሊያቀብል ሲመጣ ደወል የሚመታ ረዳት በፊቱ ይሄድ ነበር፤ በመጀመሪያው ክፍል ሕመምተኞች ወደ ተኙበት ለመድረስ በአምስት ክፍሎች ውስጥ ማለፍ ነበረበት። የደወሉ ድምፅ አራሶቹን እያስደነገጠ ይገድል ይሆን ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ካህኑ በሌላ መንገድ ያለ ደወል እንዲገባ ሴመልቫይስ ለመነው። ካህኑም እሺ አለ። ሞቱ አሁንም አልቀነሰም። ይህን የመሰለው ሙከራ ሲነገር ሊያስቅ ይችል ይሆናል። እኔን ግን ያስተማረኝ ነገር አለ፤ አንድን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትቶ መቍጠር እንዴት እንደሆነ ያየሁት በዚህ ነው።

በማርች 1847 ዕረፍት ወስዶ ወደ ቬኒስ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የሚያከብረው ወዳጁ ያቆብ ኮሌችካ ሞቶ አገኘው። ኮሌችካ ሬሳ በመመርመር ሕግን የሚረዳ የሕክምና ፕሮፌሰር ነበረ። ሬሳ ሲከፈት አንድ ተማሪ ሳያስበው ጣቱን በቢላ ወጋው፤ ቍስሉ አመረቀዘና በጥቂት ቀን ገደለው። ሴመልቫይስ በኀዘን ውስጥ ሆኖ የወዳጁን የሬሳ ምርመራ ወረቀት አነበበ። በኮሌችካ ሰውነት ውስጥ የተገኘው ነገር ሁሉ በሞቱት አራሶች ሰውነት ውስጥ የሚገኘው ነበረ። በሽታው አንድ ከሆነ ምክንያቱም አንድ መሆን አለበት። ኮሌችካን የገደለው በቢላው ላይ የነበረ የሬሳ እድፍ ነው። አራሶቹንስ? የሕክምና ተማሪዎችና ሐኪሞች በየጠዋቱ ሬሳ ከፍተው ሲመረምሩ ይቈዩና ከዚያ በቀጥታ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ለመመርመር ይሄዱ ነበር። እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡም የሬሳው ሽታ ከእጃቸው አይለቅም ነበር። አዋላጅነት የሚማሩት ሴቶች ግን ሬሳ አይነኩም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሲፈለግ የኖረው ልዩነት ይህ ነበረ።

በሜይ 1847 አጋማሽ ሴመልቫይስ አንድ ትእዛዝ አወጣ። ሬሳ ከነካ በኋላ ወደ ማዋለጃው የሚገባ ሁሉ እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ፤ በኋላም ዋጋው ስለሚረክስ ክሎሪን የገባበት ኖራ በውሃ በጥብጠው ይታጠቡበት ጀመር። ሽታው እኛ ነጭ ልብስ የምናጥብበትን በረኪና የመሰለ ነው። ይህን የመረጠው የሬሳውን ሽታ የሚያጠፋ ከሆነ እድፉንም ያጠፋል ብሎ ነው። ጥቃቅን ሕዋሳት በሽታ እንደሚያመጡ ገና በሰፊው አልታወቀም ነበር።

የሆነውም ይህ ነው። በኤፕሪል ከ312 ወላዶች 57 ሞተው ነበር፤ ከመቶው 18.3 ማለት ነው። በሜይ ከ294 ሞቱ 36። በጁን ከ268 ሞቱ 6 ብቻ። በጁላይ ከ250 ሞቱ 3። በኦገስት ከ264 ሞቱ 5። በሦስት ወር ውስጥ ሞቱ ከመቶ 18 ወደ 2 ገደማ ወረደ።

እዚህ ላይ ስደርስ ጮቤ ረገጥሁ፤ የእኛም ሥራ ይህን የመሰለ ነው አልሁ። ወዲያው ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ወራት አነበብሁና ዝም አልሁ። በዚያው በ1847 በጃንዋሪ የሞቱት 10፣ በፌብሩዋሪ 6፣ በማርች 11 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ማንም ገና እጁን በክሎሪን ሳይታጠብም ሞቱ ዝቅ ያለበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው። ኤፕሪልንና ጁንን ብቻ አስተያይቶ የሚደሰት ሰው፣ ሞቱ በገዛ ራሱ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ከሚናገር ተከራካሪ ፊት መቆም አይችልም። እኔ በሰልፍ ላይ ያደረግሁትም ይህንኑ ነበረ፤ አንድ ክፉ ወርና አንድ ደኅና ወር ብቻ ነው ያስተያየሁት።

ሴመልቫይስ ግን ከዚህ ጥያቄ አልሸሸም። በክረምቱ ሞቱ ለምን እንደ ቀነሰ መረመረ። በዚያ ጊዜ የተማሪዎቹ ቍጥር ከ42 ወደ 20 ተቀንሶ ነበር፤ እርሱም ራሱ ለጥቂት ወራት ከረዳትነት ሥራው ተነሥቶ ነበር። በማርች መጨረሻ ወደ ሥራው ሲመለስ ሬሳ መመርመሩን በትጋት ጀመረ፤ በኤፕሪልም ሞቱ ወደ 57 ወጣ። ሒሳቡ የሚያመለክተው ወደ ራሱ እጅ ነበረ። የበሽታውን ምክንያት ለማግኘት ከማንም ይልቅ ብዙ ሬሳ የመረመረው እርሱ ነውና፣ ከማንም ይልቅ ሞትን ወደ እናቶች ያደረሰውም እርሱ ሆነ። ቍጥራቸው በእግዚአብሔር ዘንድ ብቻ የታወቀ ሴቶች በእርሱ እጅ ጠንቅ እንደ ሞቱ በመጽሐፉ ሳይሸሽግ መስክሯል። እንዲህ ያለውን ነገር በራስ ላይ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይመዝነው።

ሥራው ከዚያ ወዲያም ያለ እንቅፋት አልሄደም። በኦክቶበር 1847 የማሕፀን ነቀርሳ የያዛት ሴት ወደ ክፍሉ ገባች። ሐኪሞቹ እርስዋን መርምረው እጃቸውን በክሎሪን ሳይታጠቡ ሌሎቹን መረመሩ፤ ከእርስዋ በኋላ ከተመረመሩት 12 ሴቶች 11 ሞቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ሐሳቡ እንደ ፈረሰበት ይቈጥር ይሆናል። እርሱ ግን መርዙ ከሬሳ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ካለ ሰው ቍስልም እንደሚመጣ ተረዳ። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ሴት ምርመራ በኋላ እጅ እንዲታጠቡ፣ የሚያመረቅዝ ቍስል ያለባትም ለብቻዋ እንድትተኛ አዘዘ።

ዓመቱን ሙሉ እጅ በታጠቡበት በ1848 በመጀመሪያው ክፍል ከወለዱት 3,556 ሴቶች የሞቱት 45 ናቸው፤ ከመቶው 1.3። በማርችና በኦገስት አንዲት እንኳ አልሞተችም። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከ3,219 የሞቱት 43 ሲሆኑ እርሱም ከመቶው 1.3 ነው። ሲታይ የኖረው ልዩነት ጠፋ። ከዚህ ሌላ ሴመልቫይስ ወደ ሆስፒታሉ የድሮ መዝገቦች ተመለሰ። ከ1784 እስከ 1822፣ ሬሳ የመመርመር ትምህርት ገና ሳይስፋፋ፣ ከ71,395 ወላዶች 897 ብቻ ሞተው አገኘ፤ ከመቶው 1.25 መሆኑ ነው። ትምህርቱ ከተስፋፋ በኋላ ከ1823 እስከ 1840 ግን ከ28,429 ወላዶች 1,509 ሞተዋል፤ ይኸውም ከመቶው 5.3 ነው። እንግዲህ ማስረጃው አንድ ሳይሆን ሦስት ሆነ፤ ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን፣ እጅ ከመታጠብ በፊትና በኋላ፣ የድሮው ዘመንና የአዲሱ ዘመን። ሦስቱም አንድ ነገር ይናገሩ ነበር።

ይህን ያህል ካየ በኋላ ዓለም እሺ ብሎ የተቀበለው የሚመስለው ሰው ይኖራል። አልተቀበለውም። ፕሮፌሰር ክላይን ሐሳቡን አልደገፈም፤ በማርች 1849 የረዳትነቱ ዘመን ሲያልቅም አልታደሰለትም። በቪየና የታወቁት ሐኪሞች ሽኮዳ፣ ሄብራና ሮኪታንስኪ ቢደግፉትም ብዙዎቹ ተቃወሙት። በሽታ ከአየርና ከልዩ ልዩ ምክንያቶች እንደሚመጣ ሲያስተምሩ ለኖሩ ሰዎች፣ አንድ ወጣት ተነሥቶ ምክንያቱ አንድ ነው፣ እርሱም የእናንተ እጅ ነው ቢላቸው እንዴት ደስ ይላቸዋል? በሌላ ቦታ የሞከሩትም ባልተሟላ አኳኋን እየሞከሩ አልረዳንም ይሉ ነበር።

ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ የተቃዋሚዎቹ ነው ማለት እውነት አይሆንም። ሴመልቫይስ መጻፍ የማይወድ ሰው ነበረ። ግኝቱን መጀመሪያ በጋዜጣ የጻፈለት ወዳጁ ሄብራ ነው። እርሱ ራሱ በቪየና ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ የተናገረው በ1850 ነው፤ ሙሉውን ቍጥር የያዘውን መጽሐፉን ያሳተመው ግን በ1861 ነው፤ ይኸውም ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰዎች ስለ ሐሳቡ የሚያውቁት በወሬና በቍርጥራጭ ነበረ። ቍጥርን በመዝገብ ይዞ ለሌላው አለማሳየት ዕውቀትን ከመቅበር ብዙ አይለይም።

በ1850 ለማስተማር ፈቃድ ቢጠይቅ በአሻንጉሊት ላይ ብቻ እንዲያስተምር ተወሰነበት። ይህን ባየ በጥቂት ቀን ውስጥ ወዳጆቹን እንኳ ሳይሰናበት ቪየናን ትቶ ወደ አገሩ ወደ ፔሽት ሄደ። ከ1851 ጀምሮ በዚያ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል የማዋለጃው ክፍል ኀላፊ ሆኖ ያለ ደመወዝ ሠራ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከወለዱት 933 ሴቶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ናቸው። በ1855 የፔሽት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1857 ማሪያ ቫይደንሆፈር የምትባል ሴት አገባ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ።

መጽሐፉ ከወጣም በኋላ ብዙ ሐኪሞች ሲነቅፉት ትዕግሥቱ አለቀ። ለታወቁ ፕሮፌሰሮች በግልጽ የታተሙ ደብዳቤዎች ጽፎ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ሰደባቸው። ቍጣው ከሐዘኑ የመጣ ቢሆንም ጠላት ብቻ አበዛበት። በመጨረሻም አእምሮው ታወከ። በጁላይ 1865 ወዳጆቹ አታለው ወደ ቪየና ወሰዱትና የአእምሮ ሕመምተኞች ወደሚጠበቁበት ቤት አስገቡት። ሊወጣ ሲታገል ጠባቂዎቹ ክፉኛ ደበደቡት። ቍስሉ አመርቅዞ ደሙ ተመረዘና በገባ በሁለት ሳምንት ኦገስት 13 ቀን 1865 በ47 ዓመቱ ሞተ። የሞተውም ወዳጁን ኮሌችካንና ሊያድናቸው የደከመላቸውን እናቶች በገደለው ዐይነት በሽታ ነው።

ከሞተ በሁለተኛው ዓመት በ1867 እንግሊዛዊው ጆዜፍ ሊስተር ቍስልን በመድኀኒት አጽድቶ ቀዶ ማከምን በጽሑፍ አስታወቀ። በ1879 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በአራስ ትኩሳት የሚያዙ ሴቶች ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ሕዋስ ለሐኪሞች ጉባኤ አሳየ፤ ዛሬ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ነው። ሴመልቫይስ በቍጥር ያየውን እነርሱ በአጉሊ መነጽር አዩት። በ1969 በቡዳፔሽት ያለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተሰየመ፤ የተወለደበትም ቤት የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ነው።

ዛሬ የሕክምና ተመራማሪዎች አንድ መድኀኒት ሞትን ወይም ሕመምን መቀነሱን ሲለኩ፣ ወይም በመሣሪያ የአንጎል ነርቭ ሥራ መብረዱን ሲመለከቱ፣ የሚጠይቁት የሒሳብ አስተማሪያችን የጠየቁኝን ነው። ከስንቱ ስንት? ከምን ጋር ሲተያይ? ሌላ የተለወጠ ነገር የለም ወይ? ብዙ ሕመም መድኀኒት ሳይነካው በጊዜው ይቀላልና፣ መድኀኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ሳያስተያዩ ቀነሰ ማለት አይቻልም። ሁለቱንም ወገን ተመራማሪው ራሱ እንዳይመርጥ በዕጣ ይለያቸዋል። በቪየና ሴቶቹን የለያቸው የመጡበት ቀን ስለ ነበረ፣ ማንም ሳያስበው ሁለቱን ክፍሎች ለማስተያየት የሚበቃ ሚዛን ሆኖ ነበር።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ከክበቡ ሁለት ጓደኞቼ ጋር ያለፉትን አራት ዓመታት የስም መጥሪያ መዝገቦች ከጽሕፈት ቤቱ አስፈቅደን ገለጥን። ያገኘነውም ይህ ነው፤ በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ጉንፋን ሲበዛ ቀሪው ይበዛል፤ ከየካቲት ጀምሮ ሳሙና ባይኖርም ይቀንሳል። ባለፈው ዓመትም የቀነሰው ከቀድሞዎቹ ዓመታት ብዙ ያልተለየ ነው። በዚህ ላይ በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት የለወጡ ተማሪዎች ስለ ነበሩ የቈጠርነው ከአነስተኛ ቍጥር ላይ ነበረ። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጀመሪያ በዚያው በሰልፍ ላይ ቆሜ ያወጅሁት ትክክል እንዳልነበረ ተናገርሁ። አንዳንዶች ሳቁብኝ። የክበባችን ሊቀ መንበርም ለጥቂት ቀን አኰረፈኝ። አስተማሪያችን ግን ከዚያ በፊት ሰጥተውኝ የማያውቁትን ሰላምታ እጄን ጨብጠው ሰጡኝ።

ከዚህ ታሪክ ሳሙናው አይጠቅምም የሚል ትምህርት ማንም እንዳይወስድ አደራ እላለሁ። እጅ መታጠብ እንደሚጠቅም በብዙ አገር ተመርምሮ የታወቀ ነው፤ በርሜሎቹም በቦታቸው አሉ። ስሕተቱ በመታጠቡ ላይ ሳይሆን ሳንለካ ለካን በማለታችን ላይ ነበረ። ዘንድሮ በየዕለቱ ከስንት ተማሪ ስንቱ በምን ሕመም እንደ ቀረ እንጽፋለን፤ መዝገቡንም ከእኛ በኋላ ለሚመጡት እናስረክባለን።

የጽሑፉን ረቂቅ ለአያቴ ባነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ እኅታቸውን ያዋለዱት ሴት እጃቸውን ይታጠቡ እንደ ነበረ ለማስታወስ ብዙ አሰቡ። ማስታወስ አልቻሉም። ማንም አልጻፈውምና።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ መምህር፣ ወይም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚሆን አለ። ሴመልቫይስ የራሱን እጅ ሳይምር እንደ ቈጠረ እኛም ያየነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጻፍ፤ እርሱ የዘገየበትን ግን እኛ እንፍጠንበት፤ የጻፍነውን ለሌላው በጊዜውና በትሕትና እናሳይ።